የሕፃናት ማቆያ ከፍታችሁ ቁጥጥር ለምትጠብቁ፣ ጅማ ላይ ያየነውን ልንገራችሁ

ሰሞኑን «ማቆያ ልንከፍት ነው፣ ለኢንስፔክሽኑ ምን ምን እናዘጋጅ?» ብለው ሚደውሉልኝ ሰዎች ስለበዙ ለያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የኛ ማቆያ ጅማ ነው ያለው፣ ጊንጆ ውስጥ፣ አሮጌ ግን ግቢው ሰፊ የሆነ ኪራይ ቤት። ፈቃዱን በመጀመሪያው አልሰጡንም፣ ተመልሰው መጥተው ነው ያገኘነው። የቢሮ ምልልሱን እዘለዋለሁ፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ያየው ነው፤ እኔ ማወራው ስለቤቱ፣ ስለሞግዚቶቹና ስለመዝገቡ ነው።

በቅድሚያ ተቆጣጣሪዎቹ ለምን እንደሚያጠብቁ ይግባችሁ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ 30ው ከመውለዷ በፊት 90ው ከወለደች በኋላ። ስለዚህ ሆስፒታል ምትሰራዋም፣ ዩኒቨርሲቲ ምታስተምረዋም፣ ባንክ ያለችዋም ልጇን ይዛ ምትመጣው ገና የሦስት ወር አራስ ሆኖ አንገቱ በቅጡ ሳይጠና ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ምን አበሉህ፣ ማን ተቆጣህ ብትሉት አይነግራችሁም። ቤታችሁን ሊያይ ሚመጣው ሰው ስለሱ ሆኖ ነው ሚጠይቀው፣ ቢያጠብቅ አትፍረዱበት።

ሁላችንም መጀመሪያ ምናስበው ቀለም ነው። እኛም ቀባን፣ ዝሆንና ቀጭኔ አሳልን፣ ምንጣፍ ገዛን፣ ብሩ እዛ ላይ አለቀ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ የቀጭኔዋ እግር ከስር አብጦ ይላጥ ጀመር፣ ከጀርባው ሻጋታ። ተቆጣጣሪዎቹ ስዕሉን ዞር ብለውም አላዩት፣ ሻጋታውን ግን አዩት፣ ምክንያቱም የሚያስሉ ልጆች ሚተኙት እዛ ግድግዳ ስር ነው። ቤት ስትከራዩ ክረምት ላይ እዩት ባይ ነኝ፣ በበጋ ያየ ሰው ምንም አላየም። ጣራውንና አሸንዳውን ሳታስጠግኑ ቀለም እንዳትገዙ። ጥገናውን ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ጨርሱት፣ ከዛ በኋላ ግድግዳው አይደርቅላችሁም።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። የጅማ ሰው እንግዳ መጥቶ ቡና ሳያፈላ አይሆንለትም አይደል፣ እኛም ዛሬ ሊመጡ ነው ሲባል በረንዳው ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ረከቦት ዘርግተን፣ ፈንዲሻና ቆሎ በሰፌድ አቅርበን ጠበቅናቸው። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ እጣኑ ይጨሳል። ከጤና በኩል የመጣች አንዲት ሲስተር ነበረች፣ ሰላም ብላን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ማንደጃውን አየችው፣ ከዛ ዞር ብላ የልጆቹን ክፍል በር አየችው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ርቀቱ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ይሄን ስታይ አንዱ ልጃችን፣ ገና መራመድ የጀመረ፣ እየተንገዳገደ ወጥቶ በማንደጃው አጠገብ አልፎ ፈንዲሻውን በሁለት እጁ ዝቆ ወደ አፉ። ሲስተር ናት ሮጣ ያስተፋችው፣ ከኛ አንዱም አልደረሰ።

«እታለም፣ ቡና ሁልጊዜ እዚህ ነው ሚፈላው?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም፣ ዛሬ ለናንተ ብለን ነው እንጂ ሌላ ቀን ጓሮ ነው።»

«ታዲያ እንደሌላው ቀን ብትሆኑ ይሻላችሁ ነበር» አለችና ወረቀቷን አውጥታ ቆማ ጻፈች። ቡናውን ማንም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ቡና ካላቀረብን ካላችሁ ቤታችሁ አፍልታችሁ በፔርሙዝ አምጡት። ከሰል በልጆች አካባቢ ጭራሽ አይግባ፣ መቃጠሉ አንድ ነገር ነው፣ ሌላው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ብርድ ነው ተብሎ ማንደጃ ወደ ክፍል ሚገባበት ልማድ አለ። በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ልጅ ደግሞ ተነስቶ አይወጣም። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ለውዝ ለትንንሽ ልጆች መታነቂያ ናቸው፣ ከማቆያው ግቢ አውጧቸው፣ ሞግዚቶቹ ኪስ ውስጥ ያለውም ሳይቀር። እኛ ከዛ ቀን በኋላ የጤና ባለሙያ ጠርተን ልጅ ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ አሻንጉሊት ላይ ሁላችንም በእጃችን ተለማመድን። ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ ከዓመት በታች ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መሀል 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ በሁለት ጣት ደረቱ መሀል ላይ 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ እየደጋገሙ። ከዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ ሆዱን ከኋላ አቅፎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ አለ፣ እሱን ግን በጽሁፍ አትማሩት፣ ሚያሳያችሁ ሰው ፈልጉ።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ብዙውን ጥያቄ ሚጠይቁት ባለቤቷን አይደለም፣ ሞግዚቷን ነው። እኔ ፋይል ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ሲስተር ግን አንዷን ሞግዚታችንን ጠጋ ብላ «እቺ ህፃን ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ነው ዳይፐሯ የተቀየረው? ጡጦዋን ስንት ሰዓት ጨረሰች?» ትላታለች። ሞግዚቷ ደንግጣ እኔን ማየት። ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች፣ ግን ሚጻፍበት ነገር ስላልነበረን ሁሉም በጭንቅላቷ ነው፣ ሰው ደግሞ ሲፈራ ጭንቅላቱ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ለሞግዚቶቹ መልስ ያስጠናል፣ እንዳታደርጉት፣ የተጠና መልስ ከሩቅ ይታወቃል። ይልቅ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፣ የልጁ ስም፣ ዳይፐር፣ ጡጦ፣ እንቅልፍ፣ ከጎኑ ሰዓቱ፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮ። አሁን ማንም ቢጠይቃት ወረቀቱን ማሳየት ነው፣ እናትየዋም 11 ሰዓት ላይ ስትመጣ እሱን አይታ ነው ምትሄደው።

ተቆጣጣሪዎቹ ገና ሳይወጡ አንድ ሰውዬ መጣ፣ «የእገሊት አጎት ነኝ፣ እናቷ ስብሰባ ላይ ናት፣ እኔን ላከችኝ» አለ። ሞግዚቷ ሰውየውን ሰፈር ውስጥ ታውቀዋለች፣ ልጅቷም ስታየው ሳቀች፣ በቃ ብድግ አድርጋ ሰጠችው። እውነትም አጎቷ ነው። ተቆጣጣሪው ግን «ይሄ ሰው እንዲወስዳት የተፈቀደበትን አሳዩኝ» ሲል ምናሳየው አልነበረንም። አሁን ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ መውሰድ ሚችሉ ሰዎችን ስም፣ ስልክና ፎቶ ይሰጠናል፣ ከዛ ውጪ ሰው ከመጣ ለእናትየዋ ሳይደወል አይሰጥም፣ አያትም ቢሆኑ። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥተውን የሄዱ አያት አሉ፣ «የልጄን ልጅ ነው ምትከለክሉኝ» ብለው፣ ምን ይደረግ። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ልጅ ሚወስደው ሰው ይቀያየራል፣ ሐሙስን በተለይ ተጠንቀቁ።

ቤቱን ራሳችሁ ስትፈትሹ ቁማችሁ አትፈትሹት። ተንበርክካችሁ፣ ከቻላችሁ በዳዴ፣ ከበሩ እስከ ጓሮው ሂዱ። እኛ እንደዛ ስናደርግ ያገኘነውን ልንገራችሁ። ከጠረጴዛው ስር ወደታች የወጣ ምስማር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ ተነክሮ የተቀመጠ ባልዲ፣ ህፃን ልጅ በጭንቅላቱ ከገባ ትንሽ ውሃም ይበቃዋል። ለእንግዳ ክብር ብለን ያስቀመጥናቸው የጅማ በርጩማዎች፣ የእንጨቱ ክብደት የምታውቁት ነው፣ ልጅ ተደግፎ ሲነሳ ተገልብጠው እግሩ ላይ ነው ሚያርፉት። አጥሩ ጥግ ደግሞ የጉሎ ዛፍ፣ ፍሬው ዥንጉርጉር ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፣ መርዝ ነው፣ ከነስሩ አስነቀልነው። አቮካዶውን ግን አልቆረጥነውም፣ ጥላው ያስፈልገናል፣ ፍሬው ከመውደቁ በፊት እየተለቀመ ከስሩ ማጫወት ቀረ። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ፣ ጅማ ውስጥ በብዙ ግቢ አለ፣ ቆርቆሮ ጣል ማድረግ ክዳን አይባልም፣ አፉን ዙሪያውን አርማታ አስሞልታችሁ በቁልፍ ሚዘጋ ብረት አስገጥሙለት። አከራያችን ሀጂ «የኔ ልጆች እዚሁ አድገው የለ እንዴ፣ አንዱም አልገባ» ብለው ትንሽ አንገራግረው ነበር፣ ኋላ ግን የብረቱን ዋጋ ራሳቸው ከኪራዩ ቀነሱልን፣ አላህ ይስጣቸው።

ትንንሽ መጫወቻ ሚለካው በሶፍት ካርቶን ነው፣ ሶፍቱ ሲያልቅ ሚቀረው ጥቅል። በሱ ቀዳዳ ሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ሶኬት መክደኛ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፣ ርካሽ ነው። መስኮታችን ግሪል ነበረው፣ ለሌባ ጥሩ ነው፣ «እሳት ቢነሳና በሩ ቢዘጋ በየት ታወጧቸዋላችሁ?» ሲሉን አንዱ ግሪል ሚከፈት ነው አልን፣ «ክፈቱት» አሉን፣ ቁልፉ ሚገኘው የት እንደሆነ ሚያውቅ የለም። አሁን ቁልፉ ከመስኮቱ ጎን ልጅ ማይደርስበት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ሁሉም ሞግዚት በጨለማም ታገኘዋለች። የእሳት ማጥፊያው ላይ ጌጁ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ፣ ፒኑን እንዴት እንደሚነቅሉት ደግሞ ያልያዘው ሰው አይኑር፣ ግድግዳ ላይ ማስጌጫ አይደለም።

በረኪና ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር እንዳይኖር። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ሚመስለው፣ ትልቅ ሰውም ተሳስቶ ጠጥቶ ያውቃል። በራሱ ዕቃ፣ ተጽፎበት፣ ላይኛው ቁም ሳጥን፣ ተቆልፎ። ትውከትና ሰገራ የነካው ወለል ላይ 5 ፐርሰንት የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ነው፣ ለዕለቱ ያህል ብቻ፣ ያደረ ኃይሉን ያጣል፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር በተለይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ሚወጣው ጋዝ ሳንባ ነው ሚያቃጥለው። ዳይፐር ሚቀየርበት ቦታ ከወጥ ቤቱ የተለየ ይሁን፣ እጅ መታጠቢያው እዛው አጠገቡ። ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው ማለት ለነሱ ምክንያት አይሆንም፣ ሮቶ ግዙ፣ ሮቶውንም እጠቡት።

ምግብ ላይ የኛ ከተማ የራሱ ነገር አለው። ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች አሉን፣ ስለዚህ ሥጋ ከሜኑአችን ጨርሶ አወጣን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ አቮካዶ፣ ገንፎ፣ ሙዝ ይበቃል፣ ጭቅጭቅም የለም። ሜኑው በሳምንቱ መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ለምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ስም ወጥ ቤት ውስጥ በቀይ ተጽፏል። የእናት ጡት ወተት ታልቦ ሲመጣ ስሙና የታለበበት ሰዓት ጡጦው ላይ ይጻፍ፣ ከታለበ ጀምሮ ከፍሪጅ ውጪ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ነው፣ ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል። መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ እናቶቹን ለዕለቱ ብቻ እንዲያመጡ ነገርናቸው። ሚሞቀው ሙቅ ውሃ ውስጥ ጡጦውን በማስቀመጥ ነው፣ ምድጃ ላይ አይደለም።

መድሃኒት ሌላው ነው። እናት ሲረፕ በላስቲክ ጠቅልላ «በ6 ሰዓት አንድ ማንኪያ ስጡልኝ» ብላ ትሮጣለች። በየትኛው ማንኪያ? አሁን የሐኪም ወረቀት፣ የእናትየዋ ፊርማና ከመድሃኒቱ ጋር ሚመጣው መስፈሪያ ከሌለ አንቀበልም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ይደወልላታል። ጅማ ደግሞ ወባ አለ፣ ትኩሳት ያለው ልጅ ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ነገ እናያለን አይባልም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፣ ይሄን ለወላጆች ስትመዘግቡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አልጋዎቹ ላይ አጎበር፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ሚያቁር ጎማና ቆርቆሮ አይኑር። ህፃናቱ ሚተኙት በጀርባቸው ነው፣ ትራስ የለም፣ ሞግዚቶቹ ይሄን መጀመሪያ ላይ አልተቀበሉትም ነበር፣ ክርክሩ ረጅም ነበር።

ወረቀት ላይ ደግሞ ልጁ ፋይል ውስጥ የክትባት ካርድ ኮፒ ይኑር፣ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ያለው፣ ከዛ ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር። ሚቀጥለውን ቀን እናንተ ካላንደር ላይ ብታሰፍሩት እናትየዋ ታመሰግናችኋለች። ለሞግዚቶች የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ተያዥ። የከተማው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤና ፎርማችሁን በሱ አዘጋጁ፣ ለወላጅ ሚሰጠውን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ሞግዚቶቹም ሚያነቡት ቋንቋ ይሁን፣ አለበለዚያ የተለጠፈ መመሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ በፊት ግን ሄዳችሁ የቁጥጥሩን ቼክሊስት ፈቃድ ከሚሰጣችሁ ቢሮ ተቀበሉ፣ ከሰው አፍ አትስሙት፣ ለአንድ ሞግዚት ስንት ልጅ እንደሚፈቀድ የተጻፈው እዛ ላይ ነው።

አንዲት ማውቃት ሴት ማቆያዋ ሲታይ የአቴንዳንስ መዝገቧ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጽሁፍ፣ ንጹህ። አንድ ማታ ቁጭ ብላ የሞላችው እንደሆነ ገጹን ገልጠው ሳይጨርሱ ነው የገባቸው። የጉዳት መዝገብም ላይ እንደዛው ነው፣ ባዶ መዝገብ ማሳየት ሚያኮራ ይመስለናል፣ ልጅ ባለበት ቤት ማንም ሳይወድቅ ወራት አይሄዱም። «ከደረጃ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፣ በውሃና በሳሙና ታጠበ፣ ለእናቱ ተነገረ፣ ፈረመች» የሚል መዝገብ ነው ያመኑልን። ደግሞ ከተጻፈ ደረጃው ይጠገናል፣ ካልተጻፈ ሌላው ልጅም ይወድቅበታል።

«ለነሱ ትንሽ ነገር ያዝ አድርጉ» ሚሏችሁ ሰዎች አይጠፉም። እኛን የጠየቀን አልነበረም፣ እኛም አልሰጠንም፣ ሚያዋጣው ግሪሉን መክፈት ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳይነግሩን መጡ፣ ያውም አርብ በቀትር ሶላት፣ ዙህር ላይ። አርብ ጥበቃችን ጁምዓ ይሄዳል፣ ልጆቹ ደግሞ በዛ ሰዓት ስለሚተኙ ድሮ ቢሆን ሞግዚቶቹ አንድ ላይ ምሳ ይቀመጡ ነበር፣ በሩን ሚጠብቅ የለም ማለት ነው። ደግነቱ ፈረቃ ሰርተን ነበር፣ በር ላይ አንዷ ቆማለች፣ የተኙት ጋ ሁለት አሉ፣ ምሳ ሚበሉት ግማሾቹ ናቸው። ተቆጣጣሪውን በር ላይ መታወቂያ ስትጠይቀው እኔ ውስጥ ሆኜ ሰምቼ ላቤ መጣ፣ እሱ ግን ሳቅ ብሎ አውጥቶ አሳያት። እናንተም አርብን፣ የምሳ ሰዓትንና ከ11 ሰዓት በኋላ ያለውን አስቡባቸው፣ ቤቱ ሚሳሳው በነዚህ ሰዓቶች ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ ሚጾሙት ሞግዚቶች ከሰዓት በኋላ እንዳይደክሙ ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አዙሩት።

ፈቃዱን ስታገኙ ኮፒውን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ ዋናውን ፋይል ውስጥ አኑሩት። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ታህሳስ ነው፣ ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው፣ ስለዚህ እኛ ግንቦት ላይ ጣራ ላይ ሰው እናወጣለን፣ አሸንዳውን እናስጠርጋለን፣ የማጥፊያውን ጌጅ እናያለን፣ የሞግዚቶቹ ምርመራ ጊዜው ካለፈ እናስመረምራለን፣ የሚወስዱ ሰዎችን ስልክ ደግሞ አንድ በአንድ እየደወልን እናረጋግጣለን፣ ግማሹ ሰው ሲም ቀይሮ ነው ሚገኘው።